አማቴና ምንም የማይታይባቸው አስፈሪ ፊልሞች

በየቤተሰቡ አንድ ፊልም አስገዳጅ አለ። እሱ ፊልሙን ስንት ጊዜ አይቶታል፤ አሁን የሚያየው የእናንተን ፊት ነው። ካልደነገጣችሁ ወደ ኋላ መልሶ እንደ አዲስ ያስጀምራችኋል። በእኛ ቤተሰብ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አማቴ፣ ጡረተኛው የሂሳብ መምህር ናቸው።

አማቴ አስፈሪ ፊልም ይወዳሉ፤ ግን ያገኙትን ሁሉ አይደለም። ያረጀ፣ ጥቁርና ነጭ፣ በሳንቲም የተሠራ መሆን አለበት። ደም ካለበት ይንቁታል። ጭራቅ ከታየበት ቴሌቪዥኑን ያጠፉታል። ደስ የሚላቸው አንዲት ሴት ባዶ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ የተዘጋ በር ስታይ ነው። ሴትየዋ በሩን ታያለች፣ እኔ ሴትየዋን አያለሁ፣ አማቴ እኔን ያያሉ።

"አባባ፣ ምን እየሆነ ነው?"

"ቆይ፣ አሁን ነው!"

እቆያለሁ። ፊልሙ ያልቃል።

"ምኑ ነው ታዲያ የሚያስፈራው?"

"ሰዎቹ ጭራቅ የሚሠሩበት ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሥራውን ላንተ ተዉልህ። አንተ ደግሞ ሰነፍ ነህ።"

እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ሰነፍ ያለኝ ሰው የለም። ለባለቤቴ አቤት ስል "እኔ በልጅነቴ ጨርሻለሁ፣ አሁን ተራው ያንተ ነው" ትለኛለች። አንዴ ለማስደሰት ብዬ "ወይኔ!" ብዬ ጮህኩ። "እዚህ ጋ አይጮህም" አሉኝ በትዝብት። ቧንቧ ሊጠግን የመጣውን ሰውዬ ግን ሶፋው ላይ አስቀምጠው ቢያሳዩት፣ መታጠቢያ ቤት ብቻዬን አልገባም ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። እሱ ያየውን እኔ ለምን አላየሁም? ግራ ገባኝ።

ዘንድሮ ደህና የሚያዩበትን አንዱን ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ሌላኛው ከድሮም እምብዛም አያይም። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸውና ፋሻው ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ አብሬያቸው ቁጭ ብዬ ሳለ ድንገት፣

"ነገ ሲፈቱልኝ ጨለማ ቢሆንስ?" አሉኝ።

እኚህ ሰው ሲፈሩ አይቼ አላውቅም። ያያሉ እንዳልላቸው ሐኪም አይደለሁም፤ ዝም ማለቱም ከበደኝ። የማደርገው ሲጠፋኝ ተነስቼ ፊልማቸውን ከፈትኩ።

"ምን ይታያል?"

"ሴትየዋ ቁጭ ብላለች።"

"በሩስ?"

"ዝግ ነው።"

"እጇስ?"

እጇን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። "ወንበሩን ጨምድዳ ይዛለች።"

"መስኮቱስ?"

"መስኮቱ ጋ... ሰው ቆሟል። ረጅም ሴት ናት። ፊቷ አይታይም።"

ወደ አማቴ ተጠጋሁ። ተያያዝን፤ ማን የማንን እጅ ቀድሞ እንደያዘ እንጃ። እስኪያልቅ አልተላቀቅንም።

በማግስቱ ፋሻው ተፈታ። አማቴ ትንሽ ዓይናቸውን አርገበገቡና ለሐኪሙ "ክራባትህ ጠሟል" አሉት። ባለቤቴ አለቀሰች። ዓይንዎን ያሳርፉ ቢባሉም ቤት እንደገባን ፊልሙን አስከፈቱኝ። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሴትየዋ የታለች?"

"የቷ?"

"መስኮቱ ጋ የቆመችው።"

ወደ ኋላ መለስነው። መስኮቱ አለ፣ መጋረጃው አለ፣ ሴት የለችም። ደግመን አየን። የለችም።

"አባባ፣ እምልልዎታለሁ፣ አይቻታለሁ!"

በአዲሱ ዓይናቸው ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ተጣሩ፤ "ነይ ባልሽን እዪው፣ ገባው!"

ምኑ እንደገባኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ድሮ እሁድ እሁድ ባለቤቴ አማቴ ቤት የምትወስደኝ እየጎተተች ነበር። አሁን ጫማዬን አስሬ በር ላይ የምጠብቃት እኔ ነኝ። ስንደርስ አማቴ ሶፋው ላይ ከጎናቸው ያለውን ትራስ አንስተው ቦታ ይለቁልኛል።