ከርነሉና ኮሎኔሉ

«ባልሽ ምንድን ነው የሚሠራው?» ብትሉኝ እስካሁን መልስ የለኝም። እንጀራ እንበላበታለን፤ ይኸን አውቃለሁ። ኮምፒውተር ውስጥ ሌላውን ሁሉ የሚያዝ ከርነል የሚባል ፕሮግራም አለ አሉ። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ያሻሽሉታል፤ የኔው ሰይድ ደግሞ ያሻሻሉትን እያነበበ «ይኼ ይግባ፣ ይኼ ይመለስ» ይላል። የእሱ ድርሻ ክትትሉ ነው። ከርነሉ ሲሠራ የትኛው ሥራ የትኛውን እንደጠራ የሚመዘግበውን ክፍል ነው የሚያየው። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ። እኔ ፊደል ቆጥሬ የማነበው የሕፃን ሽሮፕ ላይ ያለውን ነው፤ እሱንም ስለምፈራ እየደጋገምኩ።

ቤታችን ከሰኞ ገበያ ጀርባ ነው። በአንድ ግድግዳ የምንዋሰናቸው ኮሎኔል ይመር፣ የድሮው ጦር ሲበተን ማዕረጋቸው ብቻ የቀራቸው ሽማግሌ ናቸው። ልጄ ሐያት ያለ እሳቸው አትተኛም። እኔ ሳባብላት ይብስባታል፤ እሳቸው ደረታቸው ላይ ለጥፈው የሰልፍ ዜማ ሲያፏጩላት ጭልጥ ትላለች።

አንድ ቀን ሰይድ ኮምቦልቻ ካለ የሥራ ጓደኛው ጋር በስልክ ያወራል። የኛ ኔትወርክ መቼም ካልጮኹበት አይሰማም።

«ከርነሉ ማንን እንደጠራ፣ ማን እንደጠራው፣ አንድ ሳይቀር ይመዝገብ! ግን ክትትሉ እንዳይከብደው! ስናነሳውም ዱካ እንዳይተው!»

አንድ ለአምስት ተደራጁ የሚባልበት ሰሞን ነውና «ክትትል» ሲባል የሚስቅ የለም። ግድግዳ ጆሮ አለው ይሉ የለ? የኛው ግድግዳ ጆሮ የኮሎኔሉ ነበር።

በማግስቱ ኮሎኔሉ ሐያትን ሊያስተኙ ሳይመጡ ቀሩ። በሳምንቱም ቀሩ። ሐያት ጩኸቷን አቀለጠችው። ታመሙ እንዴ? አስቀየምኳቸው? ብዬ ስብሰለሰል፣ ለካ እሳቸው ኮት ለብሰው፣ ጫማ አስወልውለው፣ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው አንዴ በላዩ አንዴ በታቹ መንገድ ይሄዳሉ! ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ባልሽ ይከታተለኝ፤ ሥራው ነው። ግን አንቱታዬን ምን አደረገው? ‹ጠራ› ይበለኝ? እኔን?»

«እርስዎን? ወላሂ አይደለም፣ ጋሼ!»

ሰይድን ኮምፒውተሩን አሳቅፌ ጎትቼ አመጣሁት። «ከርነል እንጂ ኮሎኔል አይደለም፣ ጋሼ» እያለ አሳያቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን በጣታቸው እየተከተሉ አዩት።

«ታዲያ እኔን የሚከታተል የለም?»

«ማንም የለም።»

«ከበላይም?»

«ከበላይም፣ ጋሼ። አብሽሩ!»

እፎይ ይላሉ ስል ፊታቸው ጥቁር አለ። ኮታቸውን አውልቀው ምስማሩ ላይ ሰቀሉት።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ጋቢ ተከናንበው ከደጃፋቸው አይወጡም። «ለካ ተረስቻለሁ» ይላሉ። ፉጨቱ የለም፤ ሐያትም አትተኛም። እውነት ነጻ ያወጣል ያለው ማነው? እኛ ቤት ያወጣው እንቅልፍ ነው።

እስቲ ምከሩኝ። ሰይድን «በሞቴ፣ አልፎ አልፎ ስልኩን ያዝና ‹ኮሎኔሉ ዛሬ የት ዋሉ?› ብለህ ጩህልኝ» ብዬ ብለምነው ወንጀል ይሆንብኝ ይሆን? በአንቱታ ነው ታዲያ።