በአማካይ በሰዓቱ የሚደርሱት ሾፌራችን

በዓለም ላይ ባለ መሥሪያ ቤት ሁሉ ጥፋቱን በአማካይ የሚያጥብ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ጋ የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ሰውየው እናንተ ናችሁ ማለት ነው።

የእኛው የሠራተኛ ማመላለሻ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ክቡርነታቸው ጋሽ አማካይ። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸውም ወደውታል። አንድ ቀን ከሥራ መግቢያ ሃያ ደቂቃ ቀድመው ያደርሱንና ዘበኛው በሩን እስኪከፍት ብርድ ላይ ተኮልኩለን እንቆማለን። በማግስቱ ሃያ አምስት ደቂቃ አሳልፈው ያደርሱንና አለቆቻችን በዓይናቸው ይበሉናል። ስናጉረመርም መሪውን መታ መታ ያደርጋሉ።

«በአማካይ ስትወስዱት እኮ በሰዓቱ ነው የማደርሳችሁ!»

የኋላው መስኮት አይዘጋም፣ ከፊት ደግሞ ሞተሩ እግር ይጠብሳል። «ከኋላ ትበርዳላችሁ፣ ከፊት ትጠበሳላችሁ፤ በአማካይ ግን ለብ ብላችኋል» ይላሉ። ሐኪም ምግብ ይቀንሱ ያላቸው ጊዜ፣ «ትናንት ምሳ አልበላሁም» ብለው ሁለት ሰሃን ሲያነሡ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። አንድ ፋይል ቦታውን ከሳተ ምግብ አይበላልኝም፤ በራሴ ግምት ሰዓት አክባሪ ነኝ። ስለዚህ ተነሣሁባቸው። የስምሪት ኃላፊው ዘንድ ገብቼ ስከሳቸው፣ «ወሬ አልፈልግም፣ ቁጥር አምጣ» አለኝ። «ካረጋገጥክ ከመሪው ተነሥተው የጋራዥ ዘበኛ ይሆናሉ።»

ሠላሳ ዓመት መሪ የያዙ ሰው! ቅር አለኝ፤ ግን አልተመለስኩም። ደብተር ገዝቼ ዐሥር የሥራ ቀን መዘገብኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ደብተሩን ለልጄ ሰጠኋት። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ የሚማሩት ይህንኑ አማካይ ማውጣት ነው። «አባዬ፣ የዘገየውን በመደመር፣ የቀደመውን በመቀነስ ጻፈው» አለችኝ። የዘገየው መቶ ዐሥር ደቂቃ፣ የቀደመውም መቶ ዐሥር። ለዐሥር ሲካፈል ዜሮ!

«እኚህ ሰው እውነታቸውን ነው እንዴ?» ብዬ ደርቄ ቀረሁ።

«አማካይ ብቻውን ያታልላል። በሰዓቱ የደረሳችሁበት ቀን አንድም የለም እኮ! በጣም ከቀደማችሁበት እስከ በጣም የዘገያችሁበት ሃምሳ ደቂቃ ልዩነት አለ። ከሁሉ የተደጋገመው ደግሞ ሃያ አምስት ደቂቃ መዘግየት ነው፤ አራት ቀን።»

ብድግ ብዬ ግንባሯን ሳምኳት። «አለቀላቸው!»

«መካከለኛውስ?» አለች። ከትንሹ ወደ ትልቁ ደረደርናቸው። መሃል ላይ የተገናኙት ሁለቱ ቁጥሮች ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ አምስት ደቂቃ መቅደም ወጣ።

«እሱ ለሳቸው ያደላል፤ ይለፈን» አልኩ።

«አይለፈንም! ቆይ... ይሄ ሰኞ መነጽርህን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ ቤቱን ያተራመስክበት ቀን አይደል? ይሄ ሐሙስ ካልሲህ የጠፋብህ ቀን። ይሄኛው ደግሞ ምድጃው መጥፋቱን ለማየት ከደረጃ ሦስት ጊዜ የተመለስክበት።»

እውነቷን ነው። በዘገየንባቸው አምስት ቀናት ሁሉ አውቶቡሱ የመጀመሪያው ፌርማታ በሆነው ቤታችን ሥር ባዶውን ጡሩምባ እየነፋ ቆሟል፤ እኔም በመስኮት «መጣሁ! መጣሁ!» ብያለሁ። በቀደምንባቸው አምስት ቀናት ደግሞ ባለቤቴ በጊዜ ገፍትራ አስወጥታኛለች። ያቺ «መጣሁ» የሁለት ደቂቃ ነገር ትመስለኝ ነበር፤ ለካ እሷ እስክታልቅ መንገዱ በመኪና ይዘጋል። ይባስ ብሎ ተሳፍሬ ሰዓቴን እያየሁ «ዛሬም ዘገየን እኮ!» የምለው እኔው ነበርኩ። እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አላጋለጡኝም። «ሞተሩ አልነሣ ብሎኝ ነው» ነበር ለተሳፋሪው የሚሉት።

ሰኞ ኃላፊው ቢሮ ስገባ ጋሽ አማካይም ተጠርተው ኖሮ ተቀምጠው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሽከረክራሉ።

«እህ፣ ማስረጃህ?» አለ ኃላፊው።

«አምስት ቀን ዘግይተናል» አልኩ። «አምስቱንም ቀን የዘገዩት እኔን ሲጠብቁ ነው።»

ጋሽ አማካይ ቀና አሉ። «ኧረ ተወው አንተ! ሞተሩም እኮ ያስቸግራል።»

ኃላፊው ደብተሩን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ እኔን ረዘም አድርጎ አየኝ። «ከመሪው የሚነሣ የለም። ከእንግዲህ ግን ማንንም አይጠብቁም። ሁለታችሁም ውጡልኝ!»

በማግስቱ ከሁሉ ቀድሜ ተሳፍሬ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ የግምጃ ቤቷ ሠራተኛ የለችም። ጋሽ አማካይ ሰዓታቸውን አዩና ማርሽ ሊያስገቡ እጃቸውን ሰደዱ። «ትእዛዝ ትእዛዝ ነው» አሉ።

በዚህ መሃል ከመንገዱ ጥግ ያቺው ሠራተኛ አንድ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ስትሮጥ ታየችኝ። ሳላስበው እጃቸውን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ ትንሽ እንጠብቃት!»