ስድስት ሰዓት ላይ የሚጠረጥሩኝ ሰው

በየመሥሪያ ቤቱ ሌላው ሰው ተለምኖ የማያነበውን በፍቅር የሚያነብ አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ ግድግዳ ላይ የከረመ ማስታወቂያ ያነባል፤ ሌላው የመድኃኒት ወረቀት እስከ ደቃቃው ፊደል ይጨርሳል። የክሊኒካችን የኔትወርክ ባለሙያ፣ እኛ ክቡር አባ ጥርጥር የምንላቸው፣ ደግሞ የኮምፒውተሮቻችንን ውሎ ያነባሉ፦ የትኛው ኮምፒውተር፣ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ፣ የትኛውን ድረ ገጽ ከፈተ።

እንደ ሰው በስክሪን ቢያነቡት ምን ነበር? የለም፤ ያትሙታል። ከዚያ ማስመሪያ ከየመስመሩ ሥር እያስጠጉ፣ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ እንደ ደብዳቤ ያጣጥሙታል።

ሕጋቸው አንድ ነው። "ሰው ይዛነፋል" ይላሉ። ሰው ዛሬ በሦስት ሰዓት የከፈተውን ነገ በሦስት ተኩል ይከፍታል፤ ስልክ ያነሳል፣ ይረሳል፣ ወሬ ይይዘዋል። በየሰባት ደቂቃው ሳይዛነፍ ወደ ውጭ የሚጣራ ነገር ካለ ግን ቫይረስ ነው። በዚህ ሕግ የጥርስ ሐኪማችን ስለ እግር ኳስ ውጤት ሁለት ጊዜ ተመርምረዋል። የፋርማሲዋ ልጅ የሠርግ ልብስ ስትመርጥ መክረሟንም ከእናቷ ቀድመው ያወቁት እሳቸው ናቸው። ለማንም ግን ትንፍሽ አላሉም፤ የነገረችን ራሷ ናት።

አንድ ቀን ተራው የእኔ ሆነ። መዝገብ ክፍል ጠረጴዛዬ ጋ መጥተው፣ ሰዓታቸውን እያዩ ከጀርባዬ ቆሙ። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን እንደ ልማዴ የዕለቱን ጸሎት የሚያወጣውን ገጽ ከፈትኩ።

"እህቴ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?" አሉኝ ቅር ብሏቸው።

"ማን መስሎዎት ነበር?"

"አርባ ቀን አንዲት ደቂቃ አላዛነፍሽም። ሰው አልመሰልሽኝም።"

ከዚያ ወረቀታቸው ላይ "ሰው ናት። ትጸልያለች" ብለው ጽፈው ሄዱ። ይህን ለክሊኒኩ ሁሉ እያወራሁ አንድ ሳምንት ሳቅሁ።

ባለፈው ወር ግን ሳቄ ቆመ። በትምህርት ብዙ ያልገፋሁ ሰው ነኝ፤ ያወቅሁትን ያወቅሁት ከመጻሕፍት ነው። ስለዚህ መጽሐፍ በነፃ የሚያስነብብ ፕሮግራም ሳገኝ፣ ክልክል መሆኑን እያወቅሁ የሥራ ኮምፒውተሬ ላይ ጫንኩት። በማግስቱ አሞኝ ቀረሁ፤ ኮምፒውተሩን ግን ሳላጠፋ ነበር የወጣሁት።

ሻል ብሎኝ ስመለስ ገመዱ ተነቅሏል፤ አባ ጥርጥር ወንበሬ ላይ ተቀምጠዋል። በቀደመው ቀን ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ጸሎቴ አለመከፈቱን አይተው አለመግባቴን አውቀዋል። ኮምፒውተሬ ግን ባለቤት ሳይኖረው በየሰባት ደቂቃው ወደማይታወቅ አድራሻ ይጣራ ነበር።

እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ የሦስት ሺህ ታካሚዎች ምሥጢር አለ። ከትዳር ጓደኛቸው እንኳ የደበቁትን ሕመም የምጽፈው እኔ ነኝ። 

"ወጥቷል?" አልኳቸው።

ማስመሪያቸውን አስጠግተው የመጨረሻውን ገጽ እንደገና አነበቡ። ያን ያህል ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው አይቼ አላውቅም።

"አልወጣም። ገና በር እያንኳኳ ነበር።"

ያንን የመጽሐፍ ፕሮግራም እኔ ነኝ የጫንኩት አልኩ፣ ሳልጠየቅ። እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ መለሱና "ሰው ይዛነፋል፣ እህቴ" አሉ። ያቺን ቃል ለማጽናናት ሲናገሯት የሰማሁት ያኔ ነው።

ለሥራ አስኪያጁ በጻፉት ሪፖርት ስሜን አልደበቁም፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ደርሶኛል፣ ይገባኛልም። ግን ከሪፖርቱ ግርጌ "ጥፋቷን ሳትጠየቅ ተናግራለች" የሚል መስመር ነበረበት። ዛሬም እዚህ ወንበር ላይ ያለሁት በዚያች መስመር ነው። ተመስገን።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ታካሚ ሳስተናግድ ሰዓቱ አለፈኝ። ስልኬ ጠራ።

"ስድስት ከአራት ሆነ። ደህና ነሽ?"

ደህና መሆኔን ነግሬ ገጹን ከፈትኩ። መዝገባቸው የሚያሳየው ገጹ መከፈቱን ብቻ ነው፤ ለማን እንደምጸልይ አያሳይም። ቢያሳይማ ኖሮ፣ በየቀኑ አንድ ስም ሳይዛነፍ ሲጠራ ያገኙና የራሳቸውን ስም ይጠረጥሩት ነበር።