«ለውጥ የለም» ያልኩበት ጠረጴዛ

እዚህ አገር «ፈልጌ ምንም አላገኘሁም» ብሎ በኩራት የሚናገር ሰው ወይ ሳይንቲስት ነው፣ ወይ ዝውውር የማይፈልግ ነው! እኔ ግን ዝውውር እፈልጋለሁ… እንዴት አድርጌ! ጊምቢቹ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ባለቤቴ ምሕረት ሆሳዕና ታስተምራለች። ትዳራችን ሥራ የሚገባው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው።

በቀደም ትምህርት ቤታችን የሳይንስ ዐውደ ርእይ አዘጋጀ። የክብር እንግዳው ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? የዝውውር ማመልከቻዬን ይዘው የተኙት ኃላፊ! ምሕረት ጠዋት ደውላ «ዛሬ እንኳ አፍህን ሰብሰብ አድርግ» አለችኝ።

ያቀረብኩት ሙከራ እንዲህ ነው። ድሮ ሊቃውንት ብርሃን የሚጓዘው «ኤተር» በሚባል የማይታይ ነገር ውስጥ ነው ይሉ ነበር። እንግዲያው መሬት በዚያ ውስጥ ስትከንፍ፣ ሞተር ሳይክል ላይ ሆነህ ፊትህን እንደሚገርፍህ ያለ ነፋስ ሊኖር ነው። ይህን ለመፈተሽ አንድ የሌዘር ጨረር ለሁለት ከፍዬ፣ በተለያየ አቅጣጫ ሰድጄ፣ በመስታወት መልሼ አገናኘኋቸው። ግድግዳው ላይ ብሩህና ጥቁር መስመሮች ተሰለፉ። ጠረጴዛው በአሮጌ መኪና ኩሽኔታ ላይ ይሽከረከራል። ነፋሱ ካለ፣ ጠረጴዛው ሲዞር መስመሮቹ ይንሸራተታሉ፤ ከሌለ ቦታቸውን አይለቁም። በቃ፣ ይኸው ነው!

እንግዳው መጡ። ማይክ ጨብጬ ጠረጴዛውን በቀስታ አዞርኩ። ደረቴን ነፋ አድርጌ «ክቡር እንግዳችን፣ እንደሚያዩት ምንም ለውጥ የለም!» አልኩ።

ርዕሰ መምህራችን አቶ ኤርጫፎ እግሬን ረገጡኝ።

«ምን አልክ?» አሉ እንግዳው።

«ለውጥ የለም! ወደፈለጉት አቅጣጫ ቢያዞሩትም የለም!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ ከመቶ ዓመት በላይ! በየአገሩ ተሞክሯል እኮ።»

የአቶ ኤርጫፎ ፊት አመድ መሰለ። እንግዳው ነገሩን ሊያጣሩ ጠጋ ብለው ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉ። መስመሮቹ ተተራመሱ!

«ይኸውና! ይሄ ለውጥ አይደለም?»

«እሱማ እርስዎ ስለተደገፉት ነው…» አልኩ።

«ሰማችሁ?» ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እኛ ስንደግፍ ለውጥ ይመጣል!»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው! «ደገፈ እና ተደገፈ ይለያያሉ» ልል አፌን ስከፍት፣ አቶ ኤርጫፎ ሌላኛውን እግሬን ረገጡት። ምን ላድርግ? የቀረኝ እግር የለም! አንደኛ ሆኜ ተሸለምኩ።

ሽልማቱን ሲያስጨብጡኝ ልቤ ሞላና «ጌታዬ… ያ ዝውውሬ ነገር?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

ትከሻዬን አቀፉና ማይኩን ጠጋ አሉ። «እንዲህ ያለ ለውጥ ያመጣ መምህርማ» አሉ ለሕዝቡ፣ «ከጊምቢቹ ንቅንቅ አይልም!»

ከእኔ በስተቀር ያላጨበጨበ የለም።

ወዲያው ለምሕረት ደውዬ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። እሷም «ይህን ያህል ከወደዱህማ፣ እንግዲህ የቅዳሜና እሁድ እራትህንም እሳቸው ያብሉህ!» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።