አሮጌው ኮምፒዩተርና የኦቦ ጉተማ ልጅ ሠርግ

እኛ ሰዎች ዕቃ የምንገዛው ልንጠቀምበት ይሁን ልንጠብቀው እስካሁን አልገባኝም። ቴሌቪዥን ገዝተን ዳንቴል እናለብሰዋለን። ሪሞቱን በፌስታል ጠቅልለን በላስቲክ እናስረዋለን፤ ቁጥሮቹ እንዳይጠፉ ብለን የጠቀለልነው ፌስታል ራሱ ይደበዝዝና ቁጥሮቹን ይደብቅብናል። ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ትእዛዝ አንድ ነው፤ አትንካ። ሬዲዮኑን አትንካ፣ ሰዓቱን አትንካ፣ የአባትህን ብስክሌት አትንካ። እንዲህ ምንም ሳይነካ ያደገ ሰው ሲጎለምስ ምን ይሆናል ብትሉኝ፣ የሌላውን እጅ የሚከለክል ይሆናል እላችኋለሁ። «ያልተነካ ግልግል ያውቃል» ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ደግሞ ያልነካ ምክር ያውቃል ባይ ነኝ።

እኔ የምነካ ሰው ነኝ። ስሜ ደምሴ ይባላል። አቃቂ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ የሠርግ ቪዲዮ የማቀናብርባት ጠባብ ክፍል አለችኝ። ኮምፒዩተሬ ከአንድ መሥሪያ ቤት «አርጅቷል» ተብሎ በጨረታ የተሸኘ ነው። እኔም ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በቅነሳ የተሸኘሁ ሰው ስለሆንኩ አልተናናቅንም።

ነገሩ የሆነው መብራት በፈረቃ በነበረበት ዘመን ነው። ታስታውሱ እንደሆነ፣ አንድ ቀን ለእናንተ፣ አንድ ቀን ለጎረቤት ሰፈር ይሰጥ ነበር። የእኛ ተራ በሆነበት ቀንም ቢሆን ሙሉ ቀን መቆየቱን የሚያምን አልነበረም፤ ጠዋት ይመጣል፣ ሲመሽ ወይም ሳይመሽ ደስ ባለው ሰዓት ይሄዳል። ሬዲዮው ግን ስለ ሁለት አሃዝ ዕድገት ሳያሰልስ ይነግረን ነበር። የምንሰማው በባትሪ ድንጋይ ነበር።

ኦቦ ጉተማ ጎረቤቴ ናቸው። ከቃሊቲ ወዲህ ዛሬ ትልቅ መጋዘን የቆመበት መሬት የአባታቸው የጤፍ ማሳ ነበር። እሳቸው አሁን የዚያው መጋዘን ጥበቃ ናቸው። «አባቴ ከወፍ ይጠብቀው ነበር፣ እኔ ከሌባ እጠብቀዋለሁ። ሥራው ያው ነው» ይላሉ። ሲሉ አይስቁም፤ ስለዚህ እኛም መሳቅ ይኑርብን አይኑርብን አናውቅም።

በልጃቸው በጫልቱ ሠርግ ዋዜማ ኦቦ ጉተማ ሆዳቸውን ይዘው ወደቁ። አንጀታቸው ታጥፎ ኖሮ በሰው መኪና ሆስፒታል ተወሰዱ፤ ሐኪሞቹም በአስቸኳይ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋቸዋል አሉ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሠርጉ ይተላለፍ ብለው ሲመክሩ፣ ሰውየው ከአልጋቸው ላይ ሆነው መልእክት ላኩ። «ጠላው ተጠምቋል፣ ሰንጋው ታርዷል። እኔ ብሞት እንኳ ለቅሶው ከሠርጉ ኋላ ይሁን።» እንዲህ ያለ ትእዛዝ ይግባኝ የለውም። ሠርጉ ተሠረገ። ካሜራ ይዤ ከጠዋት እስከ ማታ የቀረጽኩት እኔ ነበርኩ።

ደግነቱ አልሞቱም። ሰውነታቸው ሟሙቶ፣ ኮታቸው ከትከሻቸው ላይ የተሰቀለ መስሎ ቤታቸው ተመለሱ። ጫልቱ አባቷ እስኪያገግሙ ብላ ሰነበተች እንጂ፣ ባሏ የሚሠራው ደቡብ ውስጥ ካለ የስኳር ፋብሪካ ግንባታ ስለሆነ ወደዚያው መሄዷ ነበር። የመሄጃዋ ቀን ሰኞ ሆኖ ተቆረጠ። ኦቦ ጉተማ አስጠሩኝና ከመሄዷ በፊት እሑድ ዕለት አጠገባቸው ተቀምጣ ሠርጓን እንድታሳያቸው እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ያልተሳካ እንደሆነ ምን ይደረጋል ብለው አልጠየቁም፤ የሚሳካ ነገር አድርገው ነበር የያዙት።

እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ ትንሽ ልንገራችሁ። ቪዲዮ ተቆርጦ፣ ተቀጥሎ፣ ዘፈን ከገባበት በኋላ ኮምፒዩተሩ ሁሉንም አዋህዶ አንድ ፊልም አድርጎ ማውጣት አለበት። እኛ «ሬንደር» እንለዋለን። ያ አሮጌ ኮምፒዩተር ለሬንደር ቀኑን ሙሉ ይፈልጋል፤ መብራቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አይቆይም። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ድርግም ይላል። በሚቀጥለው ተራችን ከዜሮ እንጀምራለን፣ አሁንም ድርግም። ቆራርጬ ላወጣው ሞክሬ ነበር፤ ስቀጥለው ድምፁ ከምስሉ እየተለያየ የሙሽራው እናት አፋቸውን ዘግተው እልልታ ይሰማል፣ አፋቸውን ሲከፍቱ ደግሞ የሹፌር ጡሩንባ ይወጣል።

ታዲያ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ መፍትሔ ስፈልግ ፈረንጆቹ «ኦቨርክሎክ» የሚሉት ነገር አጋጠመኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው ፕሮሰሰሩን፣ የኮምፒዩተሩን አንጎል ማለቴ ነው፣ ሲሸጥ «ከዚህ በላይ አትሩጥ» ብሎ ልክ ያበጅለታል። አብዛኛው አንጎል ግን ልኩን አልፎ መሮጥ ይችላል፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ከሚከፈተው ሰማያዊ ገጽ ገብቶ ማዘዝ ብቻ ነው። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝ። በተበጀልን ልክ ተቀምጠን፣ ቢያዙን ግን መሮጥ የምንችል ስንቶቻችን ነን?

ቃሊቲ የኮምፒዩተር ጥገና ቤት ያለውን ኤፍሬምን አማከርኩት። ኤፍሬም ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ደንበኛ በሩን ሲረግጥ ገና «አዲስ ግዛ» ማለት ለምዶበታል። ይቃጠላል አለኝ። ይህ የሚሠራው ልዩ ማቀዝቀዣ ባላቸው፣ ለዚሁ በተሠሩ ማሽኖች ነው አለኝ። ፊልሙን ወደ እሱ ወስጄ በእሱ ኮምፒዩተር እንድናወጣውም ጠየቀኝ። አመስግኜው ወጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሺ ብዬው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር፤ ይህ ወግም አይኖርም ነበር። ነገር ግን ከፋብሪካው «በቃህ» የተባልኩ ቀን ዝም ብዬ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ ዝም ብዬ የምወጣበት ሆድ አልነበረኝም።

ባለቤቴ ሙሉነሽ የምንበላበትን ሣህን ልትሰብር ነው አለችኝ። ልክ ነበረች።

በተራችን ቀን ጠዋት ገጹን ከፍቼ ገባሁና ፍጥነቱን ወደ ላይ ሰቀልኩት። ምን ያህል ሰቀልከው አትበሉኝ። የረሃብተኛ እጅ ምን ያህል ይጎርሳል? አጥፍቼ ሳበራው ፋኑ ይሽከረከራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ነቅዬ ሰካሁት። ጥቁር። ገመዱን ቀየርኩ። ጥቁር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይኸው ነው፤ እኔ ግን አፍስሼ የምለቅመውም አላየሁ። ሙሉነሽ በበሩ ብቅ ብላ አየችኝና ሣህኖቿን ልታጥብ ተመለሰች።

ኢንተርኔት ቤት ያሳተምኳቸውን ወረቀቶች እንደ ዳዊት ደገምኩ። ለካስ መድኃኒቱ አለ፤ የኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ የሰዓት ባትሪ የመሰለች ክብ ነገር አለች፣ እሷን ጥቂት አውጥቶ ቢመልሷት ኮምፒዩተሩ የታዘዘውን ሁሉ ይረሳል። አወጣኋት። መለስኳት። ስክሪኑ በራ። የኔን ስግብግብነት ከነቂሙ ረስቶ፣ ዓመተ ምሕረቱንም አብሮ ረስቶ ወደ ተሠራበት ዘመን ተመለሰ። ከፈረንጅ ሰባትና ስምንት ዓመት ወደኋላ የምንኖር ሰዎች በዚህ ልንስቅበት አይገባም።

ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ሆነ። ትንሽ ጨምሬ እሞክራለሁ፣ ይነሳል፤ ደግሞ ትንሽ እጨምራለሁ። መነሳቱንማ ይነሳል። ሬንደር ሳዘው ግን ጥቂት ይሄድና ሙሽራዋ ኬክ ልትቆርስ እጇን እንዳነሳች ደርቆ ይቀራል። የጨመርኩትን ቀነስኩ፤ እዚያው አካባቢ ደረቀ። ሁሉንም ወደ ቀድሞው መለስኩ፤ አሁንም እየተንፏቀቀ ነው። እንግዲህ በሽታው የጨመርኩት ፍጥነት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ክዳኑን ከፍቼ ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠውን የብረት ማቀዝቀዣ በጣቴ ነካሁት። ጣቴን ወዲያው ወደ አፌ ወሰድኩ።

ማቀዝቀዣውን ፈትቼ ሳወጣው ያየሁትን ለማመን አቃተኝ። በብረቶቹ መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ሁሉ ተደፍኗል። የቃሊቲ ከባድ መኪና አቧራ፣ የአቃቂ ፋብሪካ የጥጥ ብናኝ፣ ምናልባትም የዚያ መሥሪያ ቤት የብዙ ዓመት ዝምታ፣ ሁሉም ተደፍጥጦ ድሪቶ ሆኗል። ሥሩ የተቀባው ፔስት፣ ሙቀት አስተላላፊው ቅባት ማለቴ ነው፣ እንደ ጭቃ ደርቋል። አያችሁ፣ ይህ ኮምፒዩተር ከሙቀት የተነሳ ራሱን ለማዳን ከተበጀለት ልክ በታች ሲያዘግም ኖሯል። «አርጅቷል» ተብሎ የተሸጠውም በዚሁ ነው። ያልነኩት ሰዎች ናቸው ያረጀ ያሉት።

ማቀዝቀዣውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ከክፍሌ ጀርባ ጎሚስታ ወደሚሠራው ሽፈራው ወሰድኩት። ጎማ በሚነፋበት ኮምፕሬሰር ሲነፋው ሁለታችንም በአቧራ ነጭ ሆንን። ኤፍሬም ጋ ሄጄም ጥቂት ፔስት ለመንኩት። ከቱቦው ጨምቆ በወረቀት ሰጠኝ፤ ለቀብሩ ማዋጣቴ ነው አለኝ።

ገጠምኩት፤ በራ። እንደገና ትንሽ በትንሽ ጨመርኩ። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ምስሉ ላይ አረንጓዴ መስመሮች መጡ፤ ከዚያ አንድ ደረጃ ወረድኩና ቆምኩ። የዓርብ መብራት በዚሁ አለቀ፤ ቅዳሜ የእኛ ተራ አልነበረም። እሑድ መብራቱ በማለዳ መጣ፣ ሬንደሩን ለቀቅኩት፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው መንገዱን ሳይጨርስ ፊልሙ አለቀ። ሙሉነሽ ሰዓቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያም ምሳ አቀረበች። ከእሷ ይህ ዲስኩር ነው።

ዲስኩን ይዤ ኦቦ ጉተማ ቤት ስደርስ ሳሎኑ ሞልቷል። ሰውየው ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠዋል፣ ጫልቱ አጠገባቸው። ፊልሙ ተጀመረ። ሰዉ ራሱን እያየ ሲስቅ፣ ሲተራረብ፣ እሳቸው ጉልበታቸውን ይዘው ያያሉ። ሙሽሮቹ ከቤት ሲወጡ ጉልበት የሚስሙበት ቦታ ደረሰ። በአባት ወንበር ላይ ታናሽ ወንድማቸው ተቀምጠዋል፤ ጫልቱ ጎንበስ ብላ የአጎቷን ጉልበት ትስማለች።

«እዚህ ጋ አቁመው» አሉ። አቆምኩት።

«ሠርጉ ጥሩ ነበር» አሉ፤ «ግን አንድም ሰው እኔን ሲፈልግ አላየሁም።»

ጫልቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጠላ የያዘው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ወንድማቸው የሚገቡበት ጠፋቸው። እውነትም ካሜራዬ ውስጥ የሚፈልጋቸው ሰው አልነበረም። ሁላችንም ስንጨፍር ነበርና።

«ካሜራህ የት ነው፣ ደምሴ?» አሉኝ።

«ቤት ነው፣ አባባ።»

«አምጣው። እኔን አስገባኝ።»

ከዘመዶቻቸው አንዱ ሠርጉ አልፏል እኮ ሊላቸው ጀመረ። ኦቦ ጉተማ አላዩትም እንኳ። ሙሉ ልብሳቸውን አምጡልኝ አሉ። ኮቱ ስለሰፋቸው ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ ሰበሰብነው። የጫልቱ ቬሎ የኪራይ ስለነበር ተመልሷል፤ ስለዚህ ራሷ ላይ ነጭ ነጠላ ጣል አደረግንና ከቅርብ፣ ከእሳቸው ፊትና እጅ፣ ከእሷም አናት በቀር ምንም እንዳይታይ አድርጌ ቀረጽኩ። መረቋት። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ የሙሽራው ዘመዶች እንዲሰሙት በአማርኛ። ውለዱ፣ ክበዱ አሏቸው። ድምፃቸው ሲሰበር አቁምልኝ ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። እኔ አላቆምኩም። ሰው ሲከለክለኝ እምቢ ማለት ለምዶብኝ ነው መሰለኝ።

ክፍሌ ስመለስ ቀኑ ከተጋመሰ ቆይቷል። ምርቃቱን ጉልበት ከሚሳምበት ቦታ ላይ ቀጠልኩት፤ ነገር ግን ፊልሙ በሙሉ እንደገና መውጣት ነበረበት። ጫልቱ በማግስቱ ማለዳ ትሄዳለች፣ መብራቱን ደግሞ የሚያምነው የለም። በጠዋቱ ፍጥነት ላይደርስ ይችላል ብዬ ያን አረንጓዴ መስመር ያመጣውን ደረጃ መልሼ ሰቀልኩት። የኮምፒዩተሩን ክዳን አንስቼ የቤታችንን ቬንትሌተር ፊት ለፊቱ ደቀንኩ። የምንበላበት ሣህን ጠርዝ ላይ ቆመ ማለት ይህ ነው።

ከጀርባ ያለው ኮምፕሬሰር በተነሳ ቁጥር የሰፈሩ መብራት ይርገበገባል፤ ለኮምፒዩተሬ ደግሞ አንድ መርገብገብ ይበቃዋል። ሽፈራው ጋ ሄጄ ጉዳዩን ነገርኩት። ትናንት ቀኑን ሙሉ መብራት ሲጠብቅ የዋለው አንተ ብቻ አይደለህም አለኝ፤ እውነቱን ነው። ወደ ክፍሌ ተመለስኩና የኮምፕሬሰሩን ድምፅ ስጠብቅ ቆየሁ። አልመጣም። በመስኮት ሳይ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ጎማው ተንፍሶ ይነታረካል። ሽፈራው ኮምፕሬሰሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል።

«ሠርግ አለብን» ሲለው ሰማሁት።

ፊልሙ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አለቀ። ዲስኩን አውጥቼ በሸሚዜ ኪስ ከትቼ ገና በሩን ስዘጋ መብራቱ ሄደ። አንድ አረንጓዴ መስመር የመጀመሪያው ሚዜ ግንባር ላይ ቀርቷል፤ እስከ ዛሬ ይወቅሰኛል። ኤፍሬምም እስከ ዛሬ ይቃጠላል ይላል። ኮምፒዩተሩ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ጥንዶችን ድሯል።

ጫልቱ ዲስኩን ይዛ ሄደች። ኦቦ ጉተማም ግልባጩን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳያሉ፤ ምርቃቱ ጋ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርጉታል። ባለፈው ጊዜ ከሠርገኞቹ አንዱን፣ ያን ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ዳስ ውስጥ የነበረውን ሰው፣ ታክሲ ውስጥ አገኘሁትና ስለዚያ ሠርግ አነሳን። «ኦቦ ጉተማ ሲመርቁ ግን እንዴት አምሮባቸው ነበር» አለኝ። ያን ቀን ሆስፒታል ተኝተው ነበር ልለው አሰብኩና ተውኩት። ሰውየው በዓይኑ ያየውን እንዴት እከራከረዋለሁ?