አክስቴና የቆረቆንዳዬ ጥቀርሻ

በየዘመዱ መካከል ጥቁር ነገር አይታ ማለፍ የማትችል አንዲት ሴት አትጠፋም። እኛ ዘንድ የለችም የሚል ካለ ጓዳውን ይይ፤ ድስት እየፈተገች ነው።

የእኛዋ ክብርት አክስቴ ናት። እንግዳ ሻዩን ሳይጨርስ ብርጭቆው ታጥቦ ይደፋል። ታማ ሐኪም ቤት የሄደች ዕለት እንኳ የሐኪሙን ማዳመጫ በመሐረቧ ወልውላለታለች። የማያጣብቅ መጥበሻ ገዝተን ብንሰጣት ጥቁሩ ቅብ እስኪላጥ ፈተገችውና፣ ሳያጥብ የሚሸጥ ምን ዓይነት ነጋዴ ነው ብላ ስታማው ከረመች። መመሪያዋ አንድ ነው፦ «የማይለቅ እድፍ የለም፤ የማይፈትግ ሰነፍ እንጂ።»

ለዚች ሴት እግዜር እኔን የወንድሟን ልጅ ሰጣት። ሁለት ዲግሪ ይዤ ጥቀርሻ እሠራለሁ። ገበሬ የጣለውን የበቆሎ ቆረቆንዳ አከስልና እፈጫለሁ፤ ዱቄቱን ስስ የብረት ወንፊት ላይ እቀባለሁ። ወንፊቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ፣ ሃይድሮጅን የሚባለው ጋዝ ከውሃው ቶሎ ይወጣል፤ ነገ መኪና ይነዳል ተብሎ የሚጠበቀው ጋዝ። ይህን ሁሉ ለአክስቴ ወረቀት ላይ እየሳልኩ አስረድቻታለሁ። ጎረቤት ምን እንደምሠራ ሲጠይቃት ግን «ከሰል ያከስላል» ብላ ወሬ ትለውጣለች። ምን ይደረግ፣ እውነቷን ነው።

ችግሬ ቅቡ ነበር። ውሃ ነክቶት ሰዓት ሳይሞላ እየተላጠ ከብርጭቆው ሥር ይዘቅጣል። የክፍላችን ኃላፊ ታክቶት፣ ምርምርህን ሊያዩ በሚመጡት ገምጋሚዎች ፊት ደግሞ ከተላጠ ላብራቶሪህን ለሌላ እሰጣለሁ አለኝ። ማጣበቂያውን ቀይሬ የመጨረሻዋን ወንፊት ቀባሁ። ከዚያም፣ ብልጡ እኔ፣ የሥራ ባልደረባ እጅ እንዳይነካት ብዬ ከአክስቴ ጋር ወደምንኖርበት ቤት ወስጄ ኩሽና መደርደሪያ ላይ አኖርኳት።

ጠዋት የፍተጋ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ከአልጋዬ ዘልዬ ወረድኩ። ኩሽና ስደርስ አክስቴ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ወንፊቴን ይዛለች። የዕቃ ማጠቢያው ሽቦ ተበጣጥሷል፤ አሸዋም አመድም ሞክራለች። አለቀልኝ፣ ጉድ ሆንኩ አልኩ። እሷ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ልጄ፣ እጄ ከዳኝ መሰለኝ» አለች ቀስ ብላ። «ይሄ አልለቅ አለኝ። አርጅቻለሁ።»

ተቀብዬ አገላብጬ አየሁት። ጥቁር ነው፤ ድርግም ያለ ጥቁር። እሷ እንባዋን ስትጠርግ እኔ ኩሽናው መሃል እንደ እብድ እየዘለልኩ እጆቿን ሳምኩ። ሽንፈቷ ላይ የምጨፍር መስሏት አኮረፈችኝ።

ያን ቀን ወንፊቱ ገምጋሚዎቹ ፊት እስከ ምሳ ሰዓት ሲፍለቀለቅ ዋለ፤ ውሃው ጠብታ ጥቁር አልያዘም። አንደኛው የቅቡን ጥንካሬ በምን እንዳረጋገጥኩ ጠየቀኝ። ያዘጋጀሁት ግራፍ በእጄ ነበር። አፌ ግን «በአክስቴ» አለ። ሳቁብኝ፤ ላብራቶሪዬን ግን አልነኩብኝም።

አላረጀሽም፣ እኔ ነኝ እንዳይለቅ አድርጌ የሠራሁት ብላት እስከ ዛሬ አላመነችኝም። ስለዚህ አዲስ ወንፊት በቀባሁ ቁጥር አንዱን መደርደሪያው ላይ «ረስቼ» እወጣለሁ። ካልለቀቀላት ሥራዬ ተሳክቷል፤ እሷ ግን ራት አትበላም። ሲለቅላት ደግሞ የእኔ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው፤ እሷም ቀኑን ሙሉ ስታንጎራጉር ትውላለች። እውነቱን ልናገር፣ እንዲያ ስታንጎራጉር ስሰማ፣ አንድ ተመራማሪ የሚገባውን ያህል አላዝንም።