የእትዬ የትነበርሽ ሰላምታና የባንክ ሒሳብ

ሐበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ ሰላምታን የሙሉ ቀን ሥራ ያደረገ አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ባቡር ሊያመልጣችሁ ስትሮጡ ያስቆማችሁና እናንተን ጠይቆ፣ ልጆቻችሁን ጠይቆ፣ አገር ቤት ያለችውን አክስታችሁን ጠይቆ፣ ባቡሩ ከሄደ በኋላ «በሉ እንግዲህ አላቆያችሁ» የሚላችሁ ሰው ነው።

በሮተርዳም ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት ወይዘሮ የትነበርሽ ናቸው፤ የዴልፍስሃቨን ሰፈርና የአካባቢው ባለ ሙሉ ሥልጣን የሰላምታ አምባሳደር። እኛ እትዬ የትነበርሽ እንላቸዋለን። ደችኛቸው ለሰላምታ ይተርፋል፣ ለጉዳይ ግን ያጥራል። ስለዚህ ቢሮ ሲሄዱ አስተርጓሚያቸው እኔ ነኝ።

ትራም ውስጥ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሰው ሁሉ ካርዱን ያወጣል፤ እትዬ የትነበርሽ ተቆጣጣሪውን ይጨብጡታል። ጃኬቱ ከሳሳባቸውም ይቆጡታል። «እትዬ፣ እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም» ስላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሰላም ሳይባባሉ ምን ጉዳይ አለ?»

በርበሬ፣ ሽሮና የበሰለ ምግብ የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ ነበረቻቸው። ሐሜተኞች ሱቋን ያከሰራት ሰላምታ ነው ይላሉ፤ ምስር ሊገዛ የገባ ሰው ሲወጣ ይመሽበት ነበርና። እውነቱን ለመናገር ኪራዩ ጨመረ፣ ከዚያ መንገዱ ተቆፈረ፣ ደንበኛውም በሌላ በኩል መሄድ ለመደ። ሱቋ በስማቸው ስለነበረች ፍርድ ቤት ኪሳራ ሲያውጅ የከሰሩት እሳቸው ራሳቸው ሆኑ።

ፍርድ ቤቱ ንብረታቸውን የሚያጣራ ጠበቃ ሾመ። እዚህ ኩራቶር ይሉታል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ሱቅ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሊመዘግብ የመጣ ዕለት እትዬ የትነበርሽ ወንበር ሳቡለት።

«እናቱ አሉ ወይ ብለህ ጠይቅልኝ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ሰውዬው እኮ ማቀዝቀዣዎን ሊወስድ ነው የመጣው!»

«ማቀዝቀዣ የሚወስድ ሰው እናት የለውም?»

እያፈርኩ ጠየቅሁት። ኩራቶሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እናቱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል። «ውይ! ውይ! እግዜር ይማራቸው!» አሉ እትዬ የትነበርሽ፤ ወዲያው ተነስተው ምስር ወጥ አሞቁለት። ሰውዬው እስኪጠግብ በላ። ከዚያ ድስቱንም መዘገበው።

ችግሩ የጠናው ባንካቸው የነበራቸውን ሒሳብ ሲዘጋ ነው። በዚያው ሰሞን ዴን ሃግ ከተማ፣ ሙርዋይክ ሰፈር በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ቁርስ የማቅረብ ሥራ አግኝተው ነበር። የቤቱ ኃላፊ ሊና ወደደቻቸው፤ ግን ቁርጡን ነገረችን። «ደመወዝ በእጅ አንከፍልም። የሚቀጥለው ወር ሳይገባ የሒሳብ ቁጥር ካላመጡ ቦታውን ለሌላ ሰው ለመስጠት እገደዳለሁ።»

ፍለጋ ጀመርን። የመጀመሪያው ባንክ ሰው የሚባል የለውም፣ ሁሉም ነገር በስልክ ነው። የምትመልሰው ማሽን «ሰላም! ምን ልርዳዎት?» ብላ ስትጽፍ እትዬ የትነበርሽ ፊታቸው በራ።

«ይኸው፣ ጨዋ ልጅ! እንዴት ነሽ በላት። ሥራ እንዴት ነው በላት።»

ጻፍኩላት። «ጥያቄዎን አልተረዳሁም» አለች።

«ደክሟት ነው» አሉ በሐዘኔታ።

ማመልከቻውን ሞላን፤ አይሆንም ተባልን። ሌላም ባንክ ሞከርን፤ እሱም አይሆንም አለ፣ ምክንያቱንም አልነገረንም። በመጨረሻ መሃል ሮተርዳም ቢሮ ያለው ባንክ አገኘንና እትዬ የትነበርሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ። በሕይወት ያለ ሰው አገኙ! እጃቸውን ዘርግተው ስለ ጤናው መጠየቅ ሲጀምሩ ወጣቱ ሠራተኛ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ አቋረጣቸው።

«ኪሳራ ላይ ነዎት። ሒሳብ ልንከፍትልዎት አንችልም።»

የተዘረጋው እጅ ጥቂት አየር ላይ ቆየና ወደ ቦርሳቸው ተመለሰ።

ስንመለስ ትራም ስንሳፈር ሾፌሩን ሰላም አላሉትም። አጠገባቸው ሴትዮ ተቀመጠች፣ ዞረው አላዩአትም። ያን ዝምታ ለዓመታት ስመኘው የኖርኩት እኔ ነበርኩ፤ ሲመጣ ግን አስፈራኝ።

«ምነው እትዬ?»

«ምን ብዬ ሰላም ልበል፣ ብዙነህ? ማነሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ለአንድ ካርድ እንኳ ያልታመንኩ ሰው!»

እቤታቸው አደረስኳቸው፤ ደረጃው ላይ ጎረቤታቸውን አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ብቻ አለፉት። ጎረቤቱ አሟቸው እንደሆነ እኔን ጠየቀኝ።

በማግስቱ ስለ ሱቁ መደርደሪያዎች ላነጋግራቸው ብሎ ኩራቶሩ ደወለ። እሳቸውም እንዲሰሙ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

«ወደ ጉዳዩ ከመግባታችን በፊት» አለ በዚያ በማይፈታ ድምፁ፣ «እናቴ መራመድ መጀመሯን ንገራቸው።»

ነገርኳቸው። እትዬ የትነበርሽ ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ እልልታቸውን አቀለጡት። ኩራቶሩ ስልኩ የተበላሸ መስሎት «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል። ከዚያ በምን ትደገፋለች፣ ምን ትበላለች፣ ማን ያድርላታል ብለው ሲጨርሱ ሰውዬው ሳይሰናበት ቆየ። «ለመሆኑ የባንክ ሒሳቡ ጉዳይ ከምን ደረሰ?» አለ።

የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩለት።

«የጠየቃችሁት መደበኛውን ሒሳብ ነው፤ እሱን ሊከለክሏችሁ ይችላሉ» አለ። «ባዚስባንክሬኬኒንግ የሚባል አለ። መሠረታዊ ሒሳብ፤ ደመወዝ ይገባበታል፣ ኪራይ ይከፈልበታል፣ ብድር የለውም። የከሰረ ሰውም ያገኘዋል፣ ግን ማመልከቻው ሌላ ነው። በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁ። እኔ እንደማልቃወም ዛሬውኑ እጽፋለሁ።»

ዴን ሃግ ባለ አንድ ባንክ ቀጠሮ ያዝን። በር ላይ ለመንኳቸው። «እትዬ፣ በእግዚአብሔር፣ ዛሬ እንኳ ያሳጥሩት!» እሺ አሉ። ገብተው ኤሊ የምትባለውን ሠራተኛ ስለ ጤናዋ፣ ስለ እናት አባቷ፣ ስለ ልጆቿና ስለ ደረቅ ሳሏ ጠየቋት። ለሳሏም ዝንጅብል አዘዙላት። ኤሊ መጀመሪያ እኔን አየች፣ ከዚያ ሳቀች። ከዚያ ሥራዋን በደንብ ሠራች፤ የኩራቶሩን ጽሑፍ አነበበች፣ መታወቂያቸውን አየች፣ የሚፈረመውን አስፈረመች።

«አንድ ነገር ልብ ይበሉ» አለች፤ «በዚህ ሒሳብ ከዜሮ በታች መውረድ አይቻልም።»

ተረጎምኩላቸው።

«እሱስ ይቅርብኝ በላት። ከዜሮ በታች ያለውን አይቼው መጥቻለሁ።»

ካርዱ በፖስታ መጣ፤ ወሩ ከመግባቱ በፊት ደረሰ። ኪሳራው አላለቀም፣ ኩራቶሩም እንዳለ ነው፤ እሳቸው ግን ሙርዋይክ ሥራ ጀመሩ። ሊና እንደምትለው ቁርስ የሚያዘገዩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ አዛውንቶቹ ግን ከእሳቸው ሌላ ሰው እንዲያቀርብላቸው አይፈልጉም።

የመጀመሪያው ደመወዝ የገባ ዕለት ደወሉልኝ። «ባንክ ቀጠሮ ያዝልኝ።»

«ምን ተበላሸ?»

«ምንም። ልጅቷን ላመሰግናት ነው።»

ቀጠሮ ለመያዝ ምክንያት መምረጥ ግድ ነው። ካርድ ጠፋ፣ የቤት ብድር፣ የቤተሰብ ሞት አለ፤ ምስጋና የለም። «ሌላ» የሚለውን መረጥኩ። ኤሊ ፊቷ ተጨንቆ ተቀበለችን፣ ምን እንደጎደለ ጠየቀችን። ምንም እንዳልጎደለ ነገርኳት። እትዬ የትነበርሽ እጇን ይዘው ተናገሩ፣ እኔም አንዲት ቃል ሳልቆርጥ ተረጎምኩ። መሃል ላይ አቁሜ ውሃ ጠየቅሁ። ያመጣችልኝ ኤሊ ናት፤ የሷም ዓይን ደህና አልነበረም።

በሚቀጥለው ሳምንት እኔ ራሴ ማዘጋጃ ቤት ጉዳይ አለኝ። ደችኛዬ አያስቸግረኝም፣ ወረቀቴም የተሟላ ነው። ቢሆንም ዛሬ ጠዋት ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ አብረውኝ ቢሄዱ?»

«እሄዳለሁ እንጂ! የሚያነጋግርህ ሰው ማን ይባላል?»

አላውቅም አልኳቸው። ደውዬ እንድጠይቅ አዘዙኝ።